የጨርጨር ማሽላና "የተፈጥሮ ምርጫ"፦ ለመጋቢዎችና ለሥነ መለኮት ተማሪዎች የቀረበ ታሪካዊ ዳሰሳ

መግቢያ

በኅዳር ወር ከጭሮ ወደ መሰላ፣ ወደ ሂርና ወይም ወደ ገለምሶ የሚጓዝ ሰው በዳገቱ ላይ የቆመውን ማሽላ ሳያይ አያልፍም። አንዱ ራሱን ወደ ታች ይደፋል፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ ነው። ገበሬው ለየዓይነቱ ስም አለው፤ ሙይራ፣ ፈንዲሻ፣ ወገሬ እያለ ይጠራዋል። የትኛው ለምግብ እንደሚጣፍጥ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚደርስ፣ የትኛው አገዳ ለመኖና ለማገዶ እንደሚሻል ያውቃል። ከአጨዳው በፊት በማሳው ውስጥ እየተዘዋወረ ለከርሞ ዘር የሚሆነውን ይመርጥና ለብቻው ያኖረዋል።

ይህን ምርጫ ሁላችንም እንረዳዋለን። ነገር ግን ከገበሬው እጅ በፊት ሌላ ምርጫ ተካሂዷል። ዝናቡ ሲዘገይ የደረቀው ተክል ለገበሬው ምርጫ አልቀረበም። ወፍ የጨረሰው፣ አቀንጭራ ሥሩን የመጠጠው፣ በሽታ ያኮሰሰውም እንዲሁ። ገበሬው የመረጠው ከተረፉት መካከል ነው። መራጭ እጅ የማይታይበትን ይህን የመጀመሪያ ምርጫ ሥነ ሕይወት "የተፈጥሮ ምርጫ" ይለዋል።

ስያሜው በአብያተ ክርስቲያናችን ውስጥ መልካም ስም የለውም። ብዙዎቻችን "ዳርዊን" እና "ክህደት" የሚሉትን ቃላት በአንድ ትንፋሽ ስንጠራ አድገናል። ይሁን እንጂ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የሚመጣው ወጣት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የግብርና ባለሙያውና የሥነ ሕይወት መምህሩ በየሳምንቱ በፊታችን ይቀመጣሉ። እነርሱ በሥራቸውና በትምህርታቸው የተፈጥሮ ምርጫን ውጤት በዓይናቸው ያያሉ። መድረኩ በጅምላ "ይህ ውሸት ነው" ሲላቸው፣ ከዓይናቸውና ከመጋቢያቸው አንዱን እንዲመርጡ እናስገድዳቸዋለን። ስለዚህ ጉዳዩ ጉባኤያችንን የሚነካ የአገልግሎት ጥያቄ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ፣ ወደ አገራችን በምን መንገድ እንደ ገባ፣ ዛሬ በምርምር ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ በመጨረሻም አገልጋይ ምን ሊል እንደሚገባው እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. "ምርጫ" የሚለው ቃል

የቻርልስ ዳርዊንና የአልፍሬድ ራስል ዋላስ ጽሑፎች በሐምሌ 1858 በለንደን በሊኒያን ማኅበር ጉባኤ ላይ በአንድነት ተነበቡ። በቀጣዩ ዓመት በኅዳር ወር የዳርዊን መጽሐፍ ታተመ። ዳርዊን መጽሐፉን የጀመረው ርግብ አርቢዎችና ገበሬዎች ከሚያደርጉት ነገር ነው። አርቢው የሚወደውን መርጦ ያራባል፤ ከብዙ ትውልድ በኋላ መንጋው ይለወጣል። ይህ ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ያዕቆብ በላባ መንጋ መካከል ብርቱዎቹን ከደካሞቹ እየለየ እንዴት እንዳራባ በዘፍጥረት 30 እናነባለን።

የዳርዊን መከራከሪያ በሦስት ነገሮች ላይ ይቆማል። አንደኛ፣ የአንድ ወገን ፍጥረታት እርስ በርሳቸው ይለያያሉ። ሁለተኛ፣ ልዩነታቸው ቢያንስ በከፊል ወደ ልጆቻቸው ይተላለፋል። ሦስተኛ፣ ከሚወለዱት መካከል ብዙዎቹ ለመራባት ሳይደርሱ ይሞታሉ። እነዚህ ሦስቱ ባሉበት ሁሉ፣ ለመትረፍና ለመራባት የረዳው ልዩነት በሚቀጥለው ትውልድ በዝቶ መገኘቱ የማይቀር ነው። የተፈጥሮ ምርጫ ማለት ከዚህ የበለጠም ያነሰም አይደለም። የትኛው ልዩነት እንደሚረዳ የሚወስነው አካባቢው ነው፤ በመኢሶ ቆላ የሚያዋጣው ቶሎ መድረስ በደጋው ላይ ላያዋጣ ይችላል።

ዳርዊን ያልመለሰው ትልቅ ጥያቄ ነበር፦ ልዩነቱ የሚወረሰው እንዴት ነው? መልሱን የጀመረው ግሬጎር ሜንዴል የተባለ የኦገስቲን ገዳም መነኩሴ ነው። በአተር ላይ ያደረገውን ሙከራ በ1865 አቀረበ፣ በ1866 አሳተመ፤ ዓለም ግን እስከ 1900 ድረስ ልብ አላለውም። የሜንዴልና የዳርዊን ሐሳቦች በሃያኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ ሲጋጠሙ ዘመናዊው ሥነ ሕይወት ቅርጹን ያዘ። ሥራውን ካጋጠሙት ዋነኞች አንዱ ቴዎዶስየስ ዶብዣንስኪ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር።

ቃሉ ግን ከመጀመሪያው ችግር ነበረበት። "ምርጫ" ካለ መራጭ አለ ማለት አይደለምን? ዋላስ በ1866 ለዳርዊን በጻፈው ደብዳቤ ይህንኑ አንሥቶ ስያሜው ሰዎችን እንደሚያሳስት ነገረው፤ ኸርበርት ስፔንሰር በ1864 የተጠቀመበትን "የተሻለ የሚስማማው ይተርፋል" የሚል ትርጉም ያለውን ሐረግም አቀረበለት። ዳርዊን ሐረጉን በ1869 በወጣው እትም ውስጥ አስገባው። እንደምናየው ግን ይህ ሐረግ የባሰ ጣጣ አመጣ።

በአማርኛ ችግሩ ይብስብናል። "ምርጫ" ለእኛ ኤፌሶን 1ንና ሮሜ 9ን ያስታውሳል፤ ከመድረክ የምንሰብከው የጸጋ ቃል ነው። ስለዚህ "ተፈጥሮ ይመርጣል" ሲባል የእግዚአብሔር ዙፋን ለሌላ የተሰጠ ይመስለናል። ይሁንና ሳይንቲስቱ በዚህ ስፍራ ስለ ፈቃድና ስለ ዓላማ አይናገርም፤ የሚናገረው ወንፊት ጥሩውን ከገለባው ይለያል ስንል እንደምንናገረው ነው። ወንፊቱ አያስብም፤ ማን እንደ ሠራውና ማን እንደ ያዘው ግን ወንፊቱን በማየት ብቻ አይታወቅም። ደግሞም ልብ በሉ፤ "ተፈጥሮ" የሚለው የራሳችን ቃል የመጣው "ተፈጠረ" ከሚለው ግስ ነው። ቋንቋችን ራሱ ተፈጥሮን ያለ ፈጣሪ እንዳንጠራ አድርጎናል።

2. በባቡሩ የመጣው የዘር ሰብሳቢ

በ1927 መጀመሪያ አንድ የሩሲያ ሳይንቲስት ከጅቡቲ በባቡር ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ስሙ ኒኮላይ ቫቪሎቭ ይባላል። ሐዲዱ ከድሬዳዋ ወደ አዋሽ ሲሄድ በጨርጨር ተራሮች ግርጌ፣ በአፍደምና በመኢሶ በኩል ያልፋል። ቫቪሎቭ በአዲስ አበባ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ ፈቃድ ካገኘ በኋላ በበቅሎ ቅፍለት ወደ ሰሜን ተጓዘ፤ በየገበያውና በየማሳው የስንዴ፣ የገብስ፣ የጤፍና የሌላም እህል ዘር ሰበሰበ።

ቫቪሎቭ ይፈልግ የነበረው ልዩነትን ነው። አንድ እህል ብዙ ዓይነት ሆኖ የሚገኝበት አገር፣ ያ እህል በገበሬና በተፈጥሮ እጅ ለረጅም ዘመን ሲመረጥ የኖረበት አገር ነው ብሎ ያምን ነበር። ኢትዮጵያንም ከዓለም ዋና ዋና የሰብል ምንጭ ማዕከሎች መካከል መደባት። ከጊዜ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሐሳቡን አርመውታል፤ ልዩነት የበዛበት ሁሉ የመጀመሪያው ምንጭ ላይሆን ይችላል። የማሽላን ነገር ብንወስድ፣ ሰው ማላመድ እንደ ጀመረ የሚያሳየው እስከ አሁን የታወቀው ጥንታዊ ማስረጃ የተገኘው በምሥራቅ ሱዳን፣ በከሰላ አቅራቢያ ሲሆን ዕድሜው ከ5,000 ዓመታት ይበልጣል። የኢትዮጵያ ሀብት ግን አልተካደም።

የቫቪሎቭ መጨረሻ ለእኛ ትምህርት አለው። በሶቪየት ኅብረት ትሮፊም ሊሴንኮ የተባለ የግብርና ባለሙያ የሜንዴልን ዘረመል "የቡርዧ ሳይንስ" አድርጎ ያወግዝ ጀመር፤ ተክልን በአካባቢ ጫና በፍጥነት መለወጥ ይቻላል የሚለው ትምህርቱ ከፓርቲው ፍላጎት ጋር ተስማማ። ቫቪሎቭ በነሐሴ 1940 ታሰረ፤ በጥር 1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት ሞተ። በዚያው ጊዜ ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ተከባ ስትራብ፣ በተቋሙ ውስጥ የቀሩ ባልደረቦቹ ከየአገሩ የሰበሰቡትን ዘር ሳይበሉ ሲጠብቁ አንዳንዶቹ በረሃብ ሞቱ። ከጠበቁት ስብስብ መካከል ከኢትዮጵያ የሄደ ዘር ይገኝ ነበር። በነሐሴ 1948 ደግሞ የሊሴንኮ ትምህርት በመንግሥት ድጋፍ ብቸኛው ትክክለኛ ትምህርት ተብሎ ታወጀ። አንድ እውነት በማስረጃ ሳይሆን በሥልጣን ሲመዘን ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አያስፈልግም።

ልዩነትን የመጠበቁ ሥራ በአገራችንም ቀጠለ። በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ በአዲስ አበባ የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ተቋቋመ፤ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የዚያ ወራሽ ነው። ዶክተር መላኩ ወረደ ማዕከሉን ለዓመታት መሩ፤ በ1989 "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። በ1980ዎቹ ድርቅ የተራበ ገበሬ ዘሩን ሲበላ፣ ከእጁ የሚጠፋው እህል ብቻ አልነበረም፤ በሺህ ዓመታት ምርጫ የተከማቸ ጽናትም አብሮ ይጠፋ ነበር። መላኩ ዘሩ በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳም እንዲጠበቅ የታገሉት፣ በማሳ ላይ ያለ ዘር ከድርቁና ከበሽታው ጋር ምርጫው እንደ ቀጠለ ስለሚኖር ነው።

3. ዳርዊን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ደረሰ?

ብዙዎቻችን ወንጌላውያን ዳርዊንን በአንድ ድምፅ እንደ ተቃወሙት እናስባለን። ታሪኩ ግን እንዲያ አይደለም። በአሜሪካ የዳርዊን ዋነኛ ተከራካሪ የሃርቫርዱ የዕፅዋት ተመራማሪ ኤሳ ግሬይ ነበር፤ እርሱም የኒቂያን የእምነት መግለጫ የሚቀበል ክርስቲያን ነበረ። የፕሪንስተኑ ቻርልስ ሆጅ በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ በተቃራኒው ቆሞ፣ የዳርዊን ትምህርት ዓላማን ከፍጥረት ስለሚያስወግድ ክህደት ነው አለ። ልብ ብለን ብናነበው ሆጅ በዋናነት የተዋጋው የፍጥረታትን መለወጥ ሳይሆን የዓላማን መካድ ነው። በዚያው ሴሚናሪ ከ1887 እስከ 1921 ያስተማረው ቢ. ቢ. ዋርፊልድ፣ የመጽሐፍ ቅዱስን አለመሳሳት ከተከላከሉት ሁሉ ብርቱው፣ እግዚአብሔር በመግቦቱ የሚመራው የፍጥረት ለውጥ ከእምነታችን ጋር የግድ አይጋጭም ለሚለው ሐሳብ በሩን ክፍት አድርጎ ነበር።

የከረረው ጠብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1925 በቴኔሲ፣ በዴይተን ከተማ መምህር ጆን ስኮፕስ የተከሰሰበት ችሎት ጉዳዩን የጋዜጣ ትዕይንት አደረገው። በ1961 የታተመው የዊትኮምና የሞሪስ መጽሐፍ ደግሞ የወጣት ምድር አስተምህሮን በወንጌላውያን መካከል በሰፊው አስፋፋ።

በእኛ አገር መንገዱ ሌላ ነበር። ደርግ ማርክሲዝም ሌኒኒዝምን የመንግሥት ርዕዮተ ዓለም ባደረገ ጊዜ የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ከቁስ አካላዊነት ፍልስፍና ጋር ተጣምሮ በየውይይት ክበቡ ተሰበከ። አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፤ አማኞች ታሰሩ፤ የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1979 ታፍነው ተገደሉ። አባቶቻችንና እናቶቻችን የዳርዊንን ስም የሰሙት ቤተ ክርስቲያናቸውን ከሚያሽጉ ሰዎች አፍ ነው። እንግዲህ ቢጠሉት ይፈረድባቸዋልን? ነገር ግን የታሪክን ምጸት ልብ እንበል፤ በአዲስ አበባ ዳርዊንን መሣሪያ ያደረገው ያው ርዕዮተ ዓለም በሶቪየት ኅብረት የዘረመልን ታላቅ ሊቅ በረሃብ የገደለ ነው። ርዕዮተ ዓለሙ ሳይንስን የሚወደው እስካገለገለው ድረስ ብቻ ነበር።

ሌላም ጌታ ተጠቅሞበታል። "የተሻለ የሚስማማው ይተርፋል" የሚለው ሐረግ ብርቱ ሕዝብ ደካማውን ሊገዛ ይገባል ለሚሉ ሰዎች ሽፋን ሆነ። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በያዘች ጊዜ በ1937 በኢጣልያውያንና በተገዥዎቿ መካከል የጋብቻ መሰል አብሮ መኖርን የሚከለክል ሕግ አወጣች፤ በ1938 ደግሞ ሳይንቲስቶች የፈረሙበት የዘር መግለጫ ታተመ። ይህ ግን ሳይንስ አልነበረም። የተፈጥሮ ምርጫ የትኛው ልዩነት በአንድ አካባቢ እንደሚበዛ ይናገራል እንጂ ማን ክቡር፣ ማን ወራዳ እንደ ሆነ አይናገርም። ያንን የሚናገረው ዘፍጥረት 1፥27 ነው፤ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯል።

4. አቀንጭራ ያነበበው ምልክት

አሁን ወደ ማሽላው ማሳ እንመለስ። የሐረርጌ ቆላ ገበሬ አቀንጭራን ያውቃታል። አበባዋ ያማረ ነው፤ ከመሬት በታች ግን ሥሯን ከማሽላው ሥር ጋር አጣብቃ ውኃውንና ምግቡን ትመጠምጣለች። አንዲት ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ታፈራለች፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል።

ይህ ዘር ዝም ብሎ አይበቅልም። የሚበቅለው በአጠገቡ የማሽላ ሥር መኖሩን ሲያውቅ ነው። የሚያውቀውም ሥሩ በሚለቀው ኬሚካል ነው፤ ሳይንቲስቶች ስትራይጎላክቶን ይሉታል። ማሽላው ታዲያ ጠላቱን ለምን ይጠራል? መልሱ በ2005 ይፋ ሆነ፤ ተክሎች በዚህ ኬሚካል የሚጠሩት ፎስፈረስ የሚያመጡላቸውን ወዳጅ ፈንገሶች ነው። አቀንጭራ ለወዳጅ የተላከውን ጥሪ ሰምታ የምትመጣ ያልተጠራች እንግዳ ናት።

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ በምዕራብ ሸዋ በወሎንኮሚ ተወልደው፣ ከሐረር ብዙ በማይርቀው በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በ1973 ተመርቀው ወደ አሜሪካ ሄዱ። በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ይህን ኬሚካል በጣም ጥቂት የሚለቁ፣ ስለዚህም አቀንጭራ የማታገኛቸው ማሽላዎች መኖራቸውን ተከታተሉ። ያንን ባሕርይ ምርት ከሚሰጡ ዝርያዎች ጋር አዳቅለው ለአፍሪካ ገበሬዎች አቀረቡ፤ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች በአገራችንም ተለቀዋል። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። በ2017 ዳንኤል ጎበናና ገቢሳን ጨምሮ አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ምሥጢሩን ያዘለውን ዘረመል ለይቶ አሳተመ። ዘረመሉ ሲጎድል ሥሩ የሚለቀው ኬሚካል ዓይነቱ ይለወጣል፤ አቀንጭራም አትነቃም።

የተፈጥሮ ምርጫ ለዘመናዊ ምርምር መሣሪያ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በ2020 የታተመ ሌላ ጥናት ከመላው አፍሪካ የተሰበሰቡ የገበሬ ማሽላዎችን ዘረመል ከአቀንጭራ ስርጭት ካርታ ጋር አነጻጸረ። ይህ ዘረመል የጎደላቸው ማሽላዎች የሚበዙት አቀንጭራ በበዛችበት አካባቢ ሆኖ ተገኘ። አቀንጭራ ራሷ ለዘመናት ማሽላውን ስትመርጥ ኖራለች ማለት ነው። ባሕርዩ በሁሉም ስፍራ ያልተስፋፋው ዋጋ ሊያስከፍል ስለሚችል እንደ ሆነ ጥናቱ ጠቁሟል፤ ጥሪው ሲለወጥ ወዳጅም ይነካልና። ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ካርታ በማንበብ የድርቅ፣ የበሽታና የተባይ መቋቋሚያ የትኛው የገበሬ ዘር ውስጥ እንዳለ ይፈልጋሉ። የመሰላ ገበሬ በጎተራው የያዘው ዘር በዚህ መንገድ ሲታይ የታሪክ መዝገብ ነው።

5. መመርመሪያው የሳተው ወባ

ሁለተኛው ምሳሌ ወደ ጤና ጣቢያ ይወስደናል። ኢትዮጵያ የፋልሲፓረም ወባን ለማከም ክሎሮኪንን በ1998 በፋንሲዳር፣ ፋንሲዳርን ደግሞ በ2004 በኮአርተም ተካች። የተተኩት ተውሳኩ ስለ ተላመዳቸው ነው። መድኃኒቱ ደካሞቹን ገደለ፤ በአጋጣሚ መቋቋሚያ የያዙት ተረፉና በዙ። ማንም ተውሳክ ለመላመድ አላሰበም፤ ወንፊቱ ግን ሥራውን ሠራ።

ከዚህ የሚደንቀው በቅርብ የሆነው ነው። በየጤና ኬላው በጣት ደም ይሠራ የነበረው ፈጣን የወባ መመርመሪያ የፋልሲፓረም ተውሳክ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ፈልጎ ያገኝ ነበር። አንዳንድ ተውሳኮች ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ጠፍቶባቸዋል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች 12,572 ሰዎችን መርምረው በ2021 ውጤቱን አሳተሙ። ከፋልሲፓረም ወባ ሕመሞች ወደ 9.7 ከመቶ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት መመርመሪያውን እንደሚያመልጡ ገመቱ። የዓለም ጤና ድርጅት መመርመሪያ እንዲቀየር የሚመክረው ቁጥሩ ከ5 ከመቶ ሲያልፍ ነው።

ይህ የሚሆነው ለምንድን ነው? በምርመራ የተገኘው ተውሳክ በመድኃኒት ይሞታል። መመርመሪያው የሳተው ግን ሳይታከም ይቀርና በትንኝ ወደ ሌላ ሰው ይተላለፋል። እኛው ራሳችን በመመርመሪያችን የማይታየውን ተውሳክ መረጥን። ተመራማሪዎቹ ይህን የደረሱበት የተውሳኮቹን ዘረመል አንብበው፣ የጠፋው ክፍል በዙሪያው የምርጫን አሻራ እንደ ተወ በማየታቸው ነው። ይህን ያልተረዳ የጤና ሥርዓት ትኩሳት ያላትን ሕፃን "ወባ የለባትም" ብሎ ወደ ቤቷ ይመልሳታል። የተፈጥሮ ምርጫን ማወቅ እዚህ ላይ ባልንጀራን የመውደድ ጉዳይ ነው።

6. ሦስት ነገሮችን እንለይ

እንግዲህ አገልጋይ ምን ይበል? የእኔ ሐሳብ ሦስት ነገሮችን እንድንለይ ነው።

የመጀመሪያው የተፈጥሮ ምርጫ እንደ አሠራር ነው። ይህ በማሳና በጤና ኬላ የሚታይ፣ የሚለካ ነገር ነው። እግዚአብሔር በሁለተኛ ምክንያቶች እንደሚሠራ የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ በ1646 መስክሯል። ዝናብ በደመና እንደሚመጣ ማወቃችን ዝናብ ሰጪውን እንዳናመሰግን አላደረገንም። ምሳሌ 16፥33 ዕጣ እንኳ ከእርሱ ፍርድ ውጭ እንደማይወድቅ ይነግረናል፤ ለእኛ አጋጣሚ የሆነው ለእርሱ አጋጣሚ አይደለም።

ሁለተኛው ሕያዋን ሁሉ፣ ሰውም ጭምር፣ የጋራ የዘር ሐረግ አላቸው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ለጉባኤያችን እውነቱን እንንገር። ከሥነ ሕይወት ሊቃውንት እጅግ የሚበዙት ይህን በዘረመልና በቅሪተ አካል ማስረጃ ይቀበሉታል። ብዙ ሰባኪዎች "ትንሹ ለውጥ እውነት፣ ትልቁ ሐሰት" ይላሉ፤ ሳይንቲስቶች ግን በሁለቱ መካከል እንዲህ ያለ አጥር አያዩም፤ አጥሩን እናቆም ካልን ምክንያታችንን በጥንቃቄ ማስረዳት አለብን። ቃሉን የሚያከብሩ ወንጌላውያን መምህራን ዘፍጥረት 1ንና 2ን፣ የአዳምንም ታሪካዊነት ከዚህ ጋር እንዴት እንደሚያነቡ ይለያያሉ። በሮሜ 5 መሠረት የአዳም ጉዳይ ለድነት ትምህርታችን ክብደት አለው፤ ስለዚህ በችኮላ የሚዘጋም፣ በችኮላ የሚጣልም አይደለም። ውይይቱ በሴሚናሪዎቻችን በጸሎትና በጥናት መቀጠል አለበት። በመካከሉ ግን ተማሪዎቻችንን ፕሮፌሰሮቻቸው ውሸታሞች እንደ ሆኑ ልንነግራቸው አይገባም።

ሦስተኛው ከቁስ በቀር ምንም የለም፣ ዓለም ዓላማ የላትም የሚለው ፍልስፍና ነው። ይህን አንቀበልም። ከላቦራቶሪም አልወጣም፤ የትኛውም የማሽላ ዘረመል አያስተምረውም። ደርግ በውይይት ክበብ የሰበከው ይህን ነው፤ ሆጅ የተዋጋውም ይህን ነው። ስሕተታችን ሦስተኛውን ስንመታ ጥይቱ የመጀመሪያውን እንዲያገኝ ማድረጋችን ነው። ጉባኤው ያን ጊዜ በዓይኑ ያየውንና ክህደትን አንድ ነገር አድርጎ ይሰማል፤ አንዱን ሲቀበል ሌላውንም አብሮ ለመቀበል ይፈተናል።

በምዕራብ ሐረርጌ ወንጌላውያን ጥቂት ነን፤ አብዛኛው ጎረቤታችን ሙስሊም ነው። እርሱም በፈጣሪ ያምናል፣ ልጁንም ወደ ዩኒቨርሲቲ ይልካል፣ ጥያቄውም ከእኛ ጥያቄ ጋር ይመሳሰላል። በጥበብ የተሰጠ መልስ ለእኛ ልጆች ብቻ አይጠቅምም።

7. የሚከብደው ጥያቄ

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ የሳይንስ አይደለም። የተፈጥሮ ምርጫ በሞት ይሠራል። አንዱ ዘር የጸናው ሌሎች ብዙዎች ስለ ጠፉ ነው። አንዱ ተውሳክ ሲበዛ ሕፃናት ይሞታሉ። ይህን መልካሙ እግዚአብሔር የሚመራው ዓለም ነው ብሎ መስበክ ቀላል አይደለም፤ ቀላል አድርጎ የሚሰብክ ሰው ቀብር ላይ አልቆመም።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን ይህን አይሸሽግም። መዝሙር 104 የአንበሳ ግልገሎች ወደ እግዚአብሔር ስለ ምግባቸው ሲያገሡ ያሳየናል። በኢዮብ 38 እና 39 ጌታ ኢዮብን ወደ ዱር አራዊት ይወስደዋል፤ ለምን ተሠቃየሁ ለሚለው ጥያቄ ግን ማብራሪያ አይሰጠውም። ሮሜ 8 ፍጥረት ሁሉ በምጥ እንደሚቃትት ይናገራል፤ ምጥ ደግሞ ልደትን ይጠብቃል። ጌታችንም በዮሐንስ 12፥24 የራሱን ሞት በምድር ወድቃ በምትሞትና ብዙ ፍሬ በምታፈራ ቅንጣት መስሎ ተናገረ። እግዚአብሔር የፍጥረትን ሞት ከሩቅ የሚመለከት አይደለም፤ ገብቶበታል። በመስቀሉም ላይ ከዓለም ሥርዓት ፍጹም የተለየ ነገር አደረገ፤ ብርቱው ስለ ደካሞች ሞተ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ደካማውን የምትሸከመው ተፈጥሮ ስላስተማራት ሳይሆን ጌታዋ ስላዘዛት ነው።

መደምደሚያ

ውድ አንባቢ፣ ከዚህ በኋላ በጉባኤህ ያለ ወጣት "መጋቢ፣ የተፈጥሮ ምርጫ እውነት ነው?" ብሎ ሲጠይቅህ አትቆጣ፣ አታሽሟጥጥም። ወደ አባቱ ማሽላ ማሳ ውሰደው። አባቱ የመረጠውን፣ ድርቁና አቀንጭራው ቀድመው የለዩትን አሳየው። ከዚያ ሦስቱን ነገሮች አስለየው፤ የምታውቀውን በድፍረት፣ ያልተቋጨውን በትሕትና ንገረው። የግብርና ባለሙያ ወይም የጤና ሠራተኛ በጉባኤህ ካለ፣ ስለ ሥራው ለወጣቶች እንዲናገር ጋብዘው፤ ስለ ሥራውም በጉባኤ ጸልይ። የአካባቢህ ገበሬዎች የቀድሞ ዘራቸውን እንዳይጥሉ አበረታታ፤ ከሺህ ዓመታት የተረፈ ሀብት በአንድ ክረምት ሊጠፋ ይችላልና። በዘፍጥረት 8፥22 የመዝራትና የማጨድ ጊዜ እንደማይቋረጥ ቃል የገባው ጌታ፣ ዘሩን ለእኛ በአደራ ሰጥቶናል።